የሚሸከመው ሰው የማያነበው ቲኬት

ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲገባ፣ ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ረዥም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይሰጠዋል። ቶክን እንለዋለን። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አዲስ ገጽ በከፈተ ቁጥር ብራውዘሩ ያንን ቶክን ለሰርቨሩ ያሳያል፤ ሰርቨሩም የይለፍ ቃሉን ደግሞ ሳይጠይቅ ያስተናግደዋል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የሰርቨር ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ፣ እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶችን ሳይ ነው የምውለው። ከሁሉም በላይ የምወደው አንደኛው ዓይነት በ4 ነጥቦች የተለያዩ 5 ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ባዶ ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ነጥብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በመካከላቸው አንድም ፊደል የለም። አዲስ የተቀጠሩ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሲያዩት በመንገድ ላይ የተቆረጠ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

የተቆረጠ ነገር የለም። ያ ቦታ ቁልፍ የሚላክበት ነው። በሌሎች አሠራሮች መልእክቱ የተመሰጠረበት ቁልፍ ራሱ በሌላ ቁልፍ ተመስጥሮ እዚያ ይገባል። የሚመሰጥረውና የሚፈታው ወገን አስቀድመው አንድ የጋራ ቁልፍ ካላቸው ግን የሚላክ ቁልፍ የለም፤ ስለዚህ ቦታው ባዶውን ይቀራል። የዚህ አሠራር ታሪክ ከድረ ገጽ በፊት ይጀምራል። ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይበልጥ እየጎላ ይታየኛል፤ ሰዎች ነገርን መሰወር ማለት ነገርን ከመነካካት መጠበቅ እንደሆነ አድርገው ረዥም ዘመን አስበዋል፣ ዋጋም ከፍለውበታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1983 ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ከዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽንና ከአይ ቢ ኤም ጋር ሆኖ ፕሮጀክት አቴና የሚባል ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ኮምፒውተርን በግቢው ላሉ ተማሪዎች ሁሉ ማዳረስ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በአንድ ትልቅ ማሽን ይጠቀም ስለነበር፣ የዚያን ማሽን በር መጠበቅ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ኮምፒውተሮቹ ማንም በሚገባባቸው ክፍሎች ተደረደሩ። ተማሪው የተቀመጠበትን ማሽን አጥፍቶ እንደገና በማስነሳት እንደፈለገ ሊያዝዘው ይችላል፤ ፋይል ወደሚቀመጥበት ሰርቨርም «እኔ ፕሮፌሰር እገሌ ነኝ» ብሎ መልእክት ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩ ማንን ይመን? የይለፍ ቃልን በአውታሩ ላይ መላክም መፍትሔ አልሆነም፤ በዚያው ሽቦ ላይ የሚያዳምጥ ሌላ ተማሪ ይኖራልና።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን መሠረት ቀድሞ ተጥሎ ነበር። በ1978 ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖች ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሦስተኛ ወገን ካለና ያ ወገን ከእያንዳንዳቸው ጋር የየብቻ ምስጢራዊ ቁልፍ ከተጋራ እንዴት ሊተማመኑ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1981 ዶሮቲ ዴኒንግና ጆቫኒ ሳኮ የጎደለውን አገኙ። የቆየ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ያ ሰው የድሮውን መልእክት መልሶ በመላክ ሰርቨሩን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ የተጻፈበት ሰዓት ይግባ አሉ። ዛሬ በብዙ ቶክኖች ውስጥ የምናያት የማብቂያ ሰዓት ዘሯ ከዚህ ነው።

የአቴና ሰዎች፣ በተለይ ንድፉን ያወጡት ስቲቭ ሚለርና ክሊፎርድ ኑማን፣ ይህን ይዘው ከርበሮስን ሠሩ። ስሙ በግሪክ ተረት የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። አሠራሩን ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዛሬ በድረ ገጽ ላይ የምንሠራው አብዛኛው ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ተማሪዋ ከከርበሮስ ቲኬት ትጠይቃለች። ቲኬቱ ውስጥ ስሟ፣ የማሽኗ አድራሻ፣ የተሰጠበት ሰዓት፣ የሚቆይበት ጊዜና ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁልፍ ይገባሉ። ከዚያ ጠቅላላው ከርበሮስና የፋይል ሰርቨሩ ብቻ በሚጋሩት ቁልፍ ይመሰጠራል። ተማሪዋ ቲኬቱን ተቀብላ ወደ ፋይል ሰርቨሩ ትወስዳለች እንጂ ልታነበው አትችልም። ስለ እሷ የተጻፈ ነው፣ በእጇ ነው፣ ግን ለእሷ ዝግ ነው። ሰርቨሩ ሲቀበለው ከርበሮስን እንደገና ማነጋገር አያስፈልገውም፤ በእጁ ባለው የጋራ ቁልፍ ፈትቶ ያነበዋል። አዲሱን ቁልፍ ደግሞ ተማሪዋም በራሷ በኩል በይለፍ ቃሏ ተመስጥሮ ደርሷታል፤ ስለዚህ ቲኬቱን የያዘችው እውነተኛዋ ባለቤት መሆኗን በእሱ ታረጋግጣለች።

በአራተኛው የከርበሮስ ስሪት የቲኬቱ ዕድሜ የሚጻፈው በአንዲት ባይት ነበር፣ እያንዳንዱ ቁጥር 5 ደቂቃ ሆኖ። አንድ ባይት ከ255 በላይ መቁጠር ስለማይችል ከ21 ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ቲኬት መስጠት አይቻልም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከዚያም አልፎ ለሚሮጥ ስሌት ይህ አስቸጋሪ ነበር፤ እኔ ግን አሁን ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ቶክን የሚሰጡ ሥርዓቶችን ሳይ ያቺን ጠባብ ባይት እናፍቃለሁ።

ቢል ብራያንት የተባለ የአቴና ባልደረባ በ1988 ይህን ሁሉ በተውኔት መልክ ጻፈው። አቴና የምትባል ፕሮግራመር አዲስ ሥርዓት ትነድፋለች፤ ዩሪፒዲስ የሚባለው ባልደረባዋ እየመጣ ቀዳዳ ያገኝበታል፤ ተመልሳ ትደፍናለች፤ እሱም ሌላ ያገኛል። በአራት ትዕይንቶች ከርበሮስ ተሠርቶ ይወጣል። በሥራ ቦታዬ አዲስ ለገባ ሰው መጀመሪያ የማስነብበው ይህን ነው። ለምን እያንዳንዱ ነገር በቲኬቱ ውስጥ እንደገባ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ አላገኘሁም።

ቲኬቶቹ የሚመሰጠሩት ዴስ በተባለው ስልት ነበር። ዴስ በአይ ቢ ኤም ውስጥ ሆርስት ፋይስትል ከጀመረው ሥራ የወጣና በ1977 የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ የሆነ ሲሆን፣ ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ነው። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ገና ከጅምሩ ቁልፉ አጠረ ብለው ተቃውመው ነበር። እውነታቸውን ነበር፤ በ1998 ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራ ማሽን በ56 ሰዓት ውስጥ አንድ የዴስ ቁልፍ አገኘ። በምትኩ የሁለት ቤልጂየማውያን፣ የዮአን ዳመንና የቪንሰንት ራይመን፣ ሥራ ከ15 እጩዎች መካከል ተመርጦ በ2001 ኤኢኤስ በሚል ስም ደረጃ ሆነ። ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ውጭ ለምንኖር ሰዎች የሚነገር ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የምስጠራ ሶፍትዌርን ከጦር መሣሪያ እኩል ይቆጥር ስለነበር ከርበሮስን ወደ ውጭ መላክ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ምስጠራው ሁሉ ተነቅሎ የወጣለት ስሪት ተዘጋጅቶ «አጥንት» ተባለ። ኤሪክ ያንግ የተባለ አውስትራሊያዊ ዴስን በራሱ እጅ ከባዶ ጽፎ በአጥንቱ ላይ ሥጋውን መለሰበት። የአሜሪካን ኮድ አልነካም፣ የአሜሪካን ሕግም አልጣሰም። ያ የምስጠራ ኮድ እያደገ ሄዶ ከቲም ሃድሰን ጋር ኤስኤስኤልኢይ የተባለውን ሥራ ወለደ፤ ከእሱም በ1998 ኦፕንኤስኤስኤል መጣ። አሜሪካ ሕጉን ያላላችው በ2000 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ በምሠራባቸው ሰርቨሮች ላይ ምስጠራውን የሚያከናውነው ኦፕንኤስኤስኤል ነው። የአንድ ሰው ትዕግሥት ለስንት አገር እንደተረፈ ሳስብ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዴስ መልእክቱን በ8 ባይት እየቆራረጠ ነው የሚመሰጥረው። የአራተኛው ከርበሮስ ሠሪዎች አንድ ሰው የተመሰጠረውን ቲኬት ሳያነበው ግን ሊበርዘው እንደሚችል ያውቁ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሱ በፊት ባለው ቁራጭ ላይ፣ በተመሰጠረውም ባልተመሰጠረውም መልኩ፣ እንዲመሠረት አደረጉ። አንድ ቦታ የተነካ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይደፈርሳል፣ ሰርቨሩም የደፈረሰውን አይቶ አይቀበልም ብለው ነበር። ሐሳቡ ያምራል። ግን ጆን ኮል ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የተመሰጠሩ ቁራጮችን ቦታ ብትለዋውጥ የሚደፈርሱት እነዚያ ሁለቱ ብቻ እንደሆኑና ቀሪው ንጹሕ ሆኖ እንደሚወጣ አሳየ። በ1993 ኮልና ኑማን ያወጡት አምስተኛው ስሪት ያንን ስልት ተወው።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ ይዘቱን ከተመልካች ይሰውራል፤ ከየት እንደመጣና እንዳልተለወጠ የሚመሰክረው ግን ማህተሙ ነው። ምስጠራ ፖስታው ነው። ማህተም የሚሆን ነገር ለብቻው መሠራት ነበረበት፤ በ1996 ሚሂር ቤላሬ፣ ራን ካኔቲና ሁጎ ክራቭቺክ ኤችማክ የተባለውን አወጡት። ኤችማክ ከጋራ ቁልፉና ከመልእክቱ አጭር ምልክት ያሰላል፤ ከመልእክቱ አንዲት ቢት ብትለወጥ ምልክቱ አይገጥምም፣ ቁልፉ የሌለው ሰውም የሚገጥም ምልክት ሊሠራ አይችልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተጣራ፤ መጀመሪያ መመስጠር፣ ከዚያ በተመሰጠረው ላይ ምልክቱን ማኖር። የሚቀበለው ወገን ምልክቱን ሳያጣራ ምንም መፍታት የለበትም።

እውቀቱ ይኸው ነበረ። ድረ ገጹ ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው። የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነው ኤችቲቲፒ ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው የሚያስታውሰው ነገር የለውም። በ1994 የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ሲፈጥር ሰርቨሩ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ማስቀመጥ ቻለ። ከዚያ ሁለት መንገድ ተከፈተ። ሰርቨሩ ማስታወሻውን በራሱ ዘንድ አስቀምጦ ለጎብኚው ቁጥር ብቻ መስጠት ይችላል፤ ወይም ማስታወሻውን ራሱን መስጥሮ ለጎብኚው ማሸከም ይችላል። ሰርቨሮቹ 10 ወይም 100 ሲሆኑ ሁለተኛው መንገድ ያጓጓል፤ ሁሉም አንድ የጋራ ቁልፍ እስካላቸው ድረስ ጎብኚው በየትኛውም በኩል ቢመጣ ቶክኑ ይፈታል፣ የጋራ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። የከርበሮስ ቲኬት በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ልዩነቱ ሰርቨሩ እዚህ ላይ ቁልፉን የሚጋራው ከራሱና ከወንድሞቹ ጋር ብቻ መሆኑ ነው።

ድረ ገጽ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ኤኤስፒ ዶት ኔት ከ2002 ጀምሮ ይህን በሰፊው አደረገው። የመግቢያ ቶክኖችና ሌሎች ማስታወሻዎች በአንድ የማሽን ቁልፍ ይመሰጠሩ ነበር። በመስከረም 2010 ሁሊያኖ ሪዞና ታይ ዱዎንግ ቦነስ አይረስ ውስጥ በተደረገው ኤኮፓርቲ በተባለ ጉባኤ ላይ ያሳዩት ነገር ሙያውን አናጋው። ኤኢኤስ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተገመተም። ኤኢኤስ የሚሠራው በ16 ባይት ቁራጭ ስለሆነ የመጨረሻው ቁራጭ ካልሞላ መሙያ ይጨመርበታል። ሰርቨሩ የተነካካ ቶክን ሲፈታ መሙያው የተበላሸ ከሆነ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ መሙያው ደህና ሆኖ ይዘቱ ብቻ የተበላሸ ከሆነ ሌላ ዓይነት መልስ። አጥቂው አንዲት ባይት እየለዋወጠ ቢበዛ 256 ጊዜ ይልካል፤ ከመልሶቹ ልዩነት ተነሥቶ አንዲት ባይት ያውቃል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ባይት ይሄዳል። ሰርቨሩ «ተበላሽቷል» እያለ ራሱ ምስጢሩን ያነብለታል። በዚሁ ስልት ተገላቢጦሽ አጥቂው የራሱን ቃል የያዘ የተመሰጠረ ቶክን መሥራት ይችል ነበር። በአንዳንድ ስሪቶች ላይ የማሽን ቁልፉ ራሱ ሊጻፍበት የሚችለውን የማዋቀሪያ ፋይል ጭምር ማውረድ ተቻለ። ማይክሮሶፍት መስከረም 28 ቀን ከመደበኛው ጊዜ ውጭ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ።

ይህን ጥቃት ሰርዥ ቮዱኔ በ2002 በጽሑፍ አሳይቶት ነበር። ስምንት ዓመት! ማህተሙ ቀድሞ ቢጣራ ኖሮ የተነካካው ቶክን ወደ መፈታት ደረጃ አይደርስም ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እቆጫለሁ፤ ጽሑፉን የሚያነቡና ሶፍትዌሩን የሚሠሩ ሰዎች ሁለት የማይነጋገሩ ጎራዎች ሆነው በከረሙባቸው ዓመታት የተጎዱት ከሁለቱም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ በ2011 የኢንተርኔት ደረጃዎችን በሚያወጣው አካል ሥር አንድ ቡድን ተቋቁሞ፣ በግንቦት 2015 በተከታታይ ከ7515 እስከ 7518 ቁጥር የተሰጣቸውን ሰነዶች አወጣ። ከነዚህ ውስጥ 7516፣ በማይክ ጆንስና በጆ ሂልደብራንድ የተዘጋጀው፣ ስለተመሰጠሩ ቶክኖች ነው። ባለ 5 ክፍሉ ሰንሰለት የእሱ ነው፤ በመጀመሪያ አሠራሩን የሚናገር ራስጌ፣ ቀጥሎ የቁልፉ ቦታ፣ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቶክን አዲስ የሚወጣ መነሻ ቁጥር፣ ከዚያ የተመሰጠረው ይዘት፣ በመጨረሻም የማህተሙ ምልክት። በዚህ ሰነድ መሠረት ያለ ማህተም የሚመሰጥር ስልት ጨርሶ አይፈቀድም። ራስጌው ማንም ሊያነበው የሚችል ቢሆንም ማህተሙ እሱንም ይሸፍናል። ማንኛውም ሠሪ እንዲደግፈው ግዴታ ከሆኑት ስልቶች አንዱ 32 ባይት ቁልፍ ይወስድና ለሁለት ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያዎቹ 16 ለማህተሙ፣ የቀሩት 16 ለምስጠራው። ያ አከፋፈል ለእኔ የ30 ዓመቱ ክርክር ውሳኔ ነው።

የተሟላ ውሳኔ ግን አልነበረም። ቶክኑ እንዴት መታየት እንዳለበት የሚናገረው ራሱ ቶክኑ ነው፤ ይህን እስከ ዛሬ አልወደውም። በዚያው ዓመት ቲም ማክሊን እንዳሳየው፣ በፊርማ ብቻ በሚጠበቁት ቶክኖች ዘንድ ራስጌው ላይ «ስልት፦ የለም» ብሎ የጻፈ ሰው በበርካታ ሶፍትዌሮች ያለ ፊርማ ያልፍ ነበር። በ2018 ስኮት አርቺዜውስኪ ያቀረበው ፓሴቶ የተባለ የቶክን ዓይነት ምርጫውን ከቶክኑ እጅ ነጠቀ፤ ፈርኔት የተባለውም ከመጀመሪያው አንድ ስልት ብቻ ነው ያለው፣ ኤኢኤስና ኤችማክ ከ32 ባይት ቁልፍ ጋር። ምርጫው የእኔ ሲሆን ወደነዚህ አደላለሁ።

ስልቱ ሲስተካከል ጣጣው ወደ ቁልፉ ዞረ። በ2020 ጂኤንዩ ቲኤልኤስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ነገር ለማመን ይከብዳል። ሰርቨሩ ግንኙነትን ለማስቀጠል ለደንበኛው የሚሰጠው የተመሰጠረ ቲኬት፣ ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪቀየር ድረስ በዜሮዎች ብቻ በተሠራ ቁልፍ ይመሰጠር ነበር። ስህተቱ በ2018 ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። በየካቲት 2025 ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ከ3,000 በላይ የኤኤስፒ ዶት ኔት ማሽን ቁልፎች በይፋ በሚነበቡ የኮድ ምሳሌዎችና ማከማቻዎች ውስጥ ተቀምጠው እንዳገኙ ተናገሩ። ሰዎች ምሳሌውን ከነቁልፉ ገልብጠው ሥራ ላይ አውለውት ነበር፤ ቢያንስ አንድ አጥቂም ከነዚህ በአንዱ ተጠቅሟል። በጋራ ቁልፍ ቶክን መፍታት የሚችል ሁሉ ቶክን መሥራትም ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን ያገኘ ሰው ምስጢር አንባቢ ብቻ አይሆንም፤ ራሱን የፈለገውን ተጠቃሚ ያደርጋል።

ለዚህ ያየሁት ምርጥ አሠራር ኦፕንስታክ በተባለው የክላውድ ሶፍትዌር መግቢያ ክፍል፣ በኪስቶን፣ ውስጥ ያለው ነው። ኪስቶን በ2015 ፈርኔትን ተቀበለ፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ቶክን በዳታቤዝ ያስቀምጥ ስለነበር መዝገቡ እያበጠ ያስቸግር ነበር። ቁልፎቹ በአንድ ማኅደር ውስጥ ቁጥር እየተሰጣቸው ይቀመጣሉ። ትልቁን ቁጥር የያዘው አዳዲስ ቶክኖችን ይመሰጥራል። በመካከል ያሉት ቀደም ሲል የወጡትን ለመፍታት ብቻ ያገለግላሉ። ዜሮ ቁጥር የያዘው ገና ተራውን የሚጠብቅ ነው፤ ተራው ሳይደርስ ለሁሉም ሰርቨሮች አስቀድሞ ይታደላል፣ ሥራ የጀመረ ዕለት የማያውቀው ሰርቨር እንዳይኖር። በእኛም ቢሮ ይህንኑ ሥርዓት ነው የያዝነው። ቁልፉን ማሽን ያወጣዋል፣ ከኮዱ ጋር አይቀመጥም፣ የሚቀየርበትም ቀን የመጀመሪያው ቶክን ከመውጣቱ በፊት ይወሰናል። ከአገልግሎት የወጣ ቁልፍ የሚጠፋው በእሱ ከተመሰጠሩት ቶክኖች የመጨረሻው ጊዜው ሲያልፍ ነው፤ የቶክኖቻችን ዕድሜ አጭር ስለሆነ ያ ቀን ቶሎ ይደርሳል።